የሰንጋ ተራ ሰንጋ የት ታሰረ?

«ለልኬት ነው የመጣሽው?»

ሽማግሌው ከሰላምታ ቀጥሎ ያነሡት ጥያቄ ይህ ነበር። ተማሪዋ ከቦርሳዋ ማውጣት የጀመረችውን ደብተር መልሳ ከተተችው። ሰንጋ ተራ ውስጥ ደብተር ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው ቤት ለክቶ፣ አባወራ መዝግቦ የሚሄድ ነው፤ ከእሱ በኋላ ደግሞ «ልቀቁ» የሚለው ወረቀት ይመጣል። ይህን የተረዳችው በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት በር ከተዘጋባት በኋላ ነው።

«የለም አባባ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የሰፈሩን ታሪክ ነው የማጠናው።»

«ታሪክ?» ሽማግሌው ዞር ብለው ከወገባቸው በላይ መስታወት ብቻ የሆኑትን የባንክ ፎቆች ቀና ብለው አዩ። «ታዲያ ምነው ዘገየሽ ልጄ?»

የተቀመጥነው ከአንዱ ፎቅ ጥላ ሥር፣ ጀበና ቡና በምትሸጥ ሴት አጠገብ፣ ፕላስቲክ በርጩማ ላይ ነው። ተማሪዋ የታሪክ ማስተርስ ሁለተኛ ዓመት ላይ ናት። ስሟ እንዲጻፍ አልፈለገችም፤ «ዲፌንስ ሳላደርግ ጋዜጣ ላይ ብወጣ አማካሪዬ ምን ይሉኛል?» አለችኝ። ርዕሷ ሰንጋ ተራ ነው። መጀመሪያ ያቀረበችው ፕሮፖዛል «የልደታ አካባቢ ታሪክ ከአዲስ አበባ ምሥረታ እስከ ዛሬ» የሚል ነበር። አማካሪዋ አንብበው ሦስት ቃል ብቻ መለሱላት፤ «አጥብቢው፣ አሁንም አጥብቢው።» በዚህች አገር ታሪክ ያጠና ሰው ሁሉ ይህን ዐረፍተ ነገር ያውቀዋል። አጠበበችውና ከ1933 እስከ 1967 ዓ.ም. አደረሰችው፤ ከጣሊያን መውጣት የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት እስከተወረሰበት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ድረስ። ሠላሳ አራት ዓመት፣ አንድ ሰፈር። አሁንም ሰፊ ነው።

ሽማግሌው ስለ ሰንጋው ሲጠየቁ ፊታቸው በራ። ከብቱ ከሩቅ በእግሩ እየተነዳ እንደሚመጣ፣ ደላላው የበሬውን ሻኛ እየዳበሰ እንደሚያማርጥ፣ ዋጋው በነጠላ ሥር በጣት እንደሚነገር አጫወቱን። ገበያው የት ነበር? እጃቸውን ዘረጉ፤ «እዚያ፣ አሁን መኪና የሚያቆሙበት ጋ።» አጠገባችን ሻይ ይጠጡ የነበሩ ሌላ አዛውንት ጣልቃ ገቡ፤ «የለም የለም፣ ወደ ታች ነው፤ ወደ ልደታው!» ክርክሩ ጦፈ። ተማሪዋ ሁለቱንም ጻፈች። ከዚያ ሳልጠብቀው አንዲት ትንሽ ጥያቄ ጠየቀች፤ «አባባ፣ ገበያውን በዓይንዎ አይተውታል?»

ሽማግሌው ትንሽ ዝም አሉ። «እኔማ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ናቸው የሚነግሩን።»

የታሪክ ተመራማሪ ከጥሩ ወግ አዋቂ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ያየና የሰማ ሰው እኩል ምስክር አይደሉም፤ የሰማም ከማን እንደሰማ ይጠየቃል። ቤልጂየማዊው ጃን ቫንሲና በመካከለኛው አፍሪካ የቃል ትውፊት ላይ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናት፣ ከአፍ ወደ አፍ የወረደ ወሬ እንደ ሰነድ ተመርምሮ ሊሠራበት እንደሚችል አሳየ። ናይጄሪያዊው ኬኔዝ ዳይክም በኢባዳን የአፍሪካን ታሪክ ከአውሮፓ ሰነድ ውጭ ለመጻፍ መንገድ ከከፈቱት አንዱ ነው። እኛ ዘንድ የግዕዙ ዜና መዋዕል ስላለ የቃሉ ነገር ለረጅም ጊዜ ሁለተኛ ዜጋ ሆኖ ቆይቷል። ግን ስለ ሰንጋ ገበያ ዜና መዋዕል የጻፈ ጸሐፌ ትእዛዝ የለም።

ስሙ ራሱ የመጀመሪያው ሰነድ ነው። አዲስ አበባ ሰፈሮቿን በሁለት መንገድ ነው የጠራቻቸው። አንዱ በሰው ነው፤ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሀብተ ጊዮርጊስ። ባለ ሥልጣኑ ድንኳኑን ተከለ፣ ወታደሩና ሎሌው ዙሪያውን ሰፈረ፣ ሰፈሩም በጌታው ስም ቀረ። ሌላው በሸቀጥ ነው፤ በግ ተራ፣ ዶሮ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ። የጌታ ስም የመሬት ድልድልን ታሪክ ይነግረናል፤ የሸቀጥ ስም የሆድን ታሪክ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ ከተማዋ የጥንት ሰፈሮች አፈጣጠር ያዘጋጁት ጥናት፣ በኅዳር 1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ መቶኛ ዓመት ሲከበር በተካሄደው ሲምፖዚየም ላይ ቀርቧል፤ ዛሬም ስለ ሰፈር የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ ከዚያ ነው የሚነሣው።

የተማሪዋን ምዕራፍ አንድ ረቂቅ ሳነብ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ብዙም ሳይቆይ የከብት እልቂት ገባ፤ በአማርኛ «የደስታ በሽታ» ይሉታል፣ ስሙ ምጸት ይመስላል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን የሚባለው ይኸው ነው። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ከአሥር ከብት ዘጠኙ አልቋል ብለው ገምተዋል። የሚያርስ በሬ ስለጠፋ መሬት ጦም አደረ፤ ረኀቡም ተከተለ። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1950ዎቹ መጨረሻ ይህን ዘመን በዝርዝር አጥንተውታል። እንግዲህ ከተማዋ ዳዴ ስትል በአገሩ በሬ አልነበረም ማለት ነው። ሰንጋ ደግሞ እንዲሁ በሬ አይደለም፤ ተኮላሽቶ፣ ከሥራ ተገልሎ፣ ለሥጋ ብቻ ሲቀለብ የከረመ ነው። አርሶ አደር ለማረሻ ጥንድ ባጣበት አገር ሰንጋ ማደለብ የማይታሰብ ነው። «ሰንጋ ተራ» የሚል ስም ሊወጣ የሚችለው መንጋው ካገገመ፣ ከተማዋም ሥጋ የሚገዛ ሕዝብ ካፈራች በኋላ ይመስለኛል፣ ይላል ረቂቁ። ተማሪዋ «ይመስለኛል» የሚለውን ቃል በእርሳስ አስምራበት አገኘሁት፤ ጎኑ ላይ የአማካሪዋ ጽሑፍ አለ፤ «ማስረጃ?»

ማስረጃው ፍለጋ ሩቅ ይወስዳል። ተካልኝ ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1995 ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ርዕሱ ራሱ ከተማዋንና ዙሪያዋን የሚመለከት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1887 እስከ 1974 አዲስ አበባን ማን እንዳበላት፣ መሬቱ በማን እጅ እንደነበረ፣ እህሉ እንዴት እንደገባ። ሰንጋ ተራን የሚያጠና ሰው ይህን ጥናት ሊዘለው አይችልም። ስለ ፍልሰቱ ደግሞ የጌታሁን በንቲ መጽሐፍ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1974 ወደ ከተማዋ የጎረፈውን ሕዝብ ይከተላል። ስለ ልዩ ልዩ የመንግሥት ሥርዓትና የመሬት ነገር የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» አለ። የመርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ትዝታ አለ። በየጊዜው የወጡ ጋዜጦች አሉ፤ በ1917 ዓ.ም. የጀመረው ብርሃንና ሰላም፣ በ1933 ዓ.ም. የጀመረው አዲስ ዘመን። የጋዜጣ ገጽ ማገላበጥ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ስለ ዙፋኑ የተጻፈው ብዙ ነው፣ ስለ በሬ ዋጋ የተጻፈው ግን በጭንቅ የሚገኝ።

ይህ ሁሉ ሲነገር ቀላል ይመስላል እንጂ፣ በአገር ውስጥ ታሪክ በከፍተኛ ደረጃ ማጥናት ዕድሜው አጭር ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲቆም ቀደም ሲል ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረውን ግቢ ወረሰ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 እዚያው ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ፓንክረስት ነበሩ። ነገር ግን ዶክተር ለመባል ባሕር መሻገር የግድ ነበር። ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ቦን ሄዱ። ታደሰ ታምራትና መርዕድ ወልደ አረጋይ ለንደን፣ ባሕሩም እንዲሁ ለንደን፣ ዘውዴ ገብረ ሥላሴ ኦክስፎርድ። የታደሰ ታምራት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1972 በኦክስፎርድ ሲታተም የመካከለኛውን ዘመን ታሪካችንን ከሥሩ ነው የቀየረው። እስቲ አስቡት፤ ስለ ደብረ ሊባኖስና ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ለመጻፍ ለንደን ቤተ መጻሕፍት መቀመጥ።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ማስተርስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ የዶክትሬቱ መርሐ ግብር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990። የመጀመሪያው በቀይ ሽብር ማግስት፣ ሁለተኛው ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ሲቀረው። ወረቀት በጠፋበት፣ ሰው ስሙን መናገር በሚፈራበት ዘመን ተማሪዎች ወደየትውልድ አካባቢያቸው ሄደው ሽማግሌ አስቀምጠው ጻፉ። የወረዳው፣ የከተማው፣ የገበያው፣ የገዳሙ ታሪክ በየመመረቂያ ጽሑፉ ገባ። ዛሬ ከእነዚያ ሽማግሌዎች በሕይወት ያለ ከቶ አይገኝም ማለት ይቻላል። እነዚያን በታይፕ የተመቱ፣ ጥራዛቸው የላላ ጽሑፎች ስናይ «የተማሪ ሥራ ነው» ብለን የምናልፍ ሰዎች ልናፍር ይገባናል፤ እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርኩ።

የሚቀጥለው ስለ ወረቀት ነው፤ ወረቀት ለማየት ስለሚያስፈልገው ወረቀት።

ተመራማሪ ያለ የትብብር ደብዳቤ አንድ ደጃፍ አያልፍም። ትምህርት ክፍሉ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ማኅተም ያሳርፍበታል። በ1936 ዓ.ም. የተከፈተው ወመዘክር፣ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትነት ሥልጣን ያገኘው ማለት ነው፣ ለተመራማሪ የተዘጋጀ ቤት ነው፤ ደብዳቤህን ሰጥተህ ትቀመጣለህ። ችግሩ የሚጀምረው መዝገቡ ቤተ መዛግብት ያልደረሰ ሲሆን ነው። የሰንጋ ተራ ሰነድ በከፊል በየመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት ነው ያለው፤ አስተዳደሩም ስሙን ደጋግሞ ቀይሯል። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ በ25 ከፍተኛዎች ተከፍላ ነበር። ቀጥሎ ወረዳ መጣ፣ ቀጥሎ ክፍለ ከተማ። በእያንዳንዱ ለውጥ ፋይል ይጫናል፤ የተጫነ ፋይል ሁሉ ደግሞ አይራገፍም።

ከዓመታት በፊት እኔም ተማሪ ሳለሁ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን ልተወው፣ ሦስት ሳምንት አመላልሶኛል። ደብዳቤዬ ላይ «የመሬት ይዞታ» የሚል ሐረግ ነበረ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ «ይሄ የሕግ ክፍል ነው የሚመለከተው» አሉኝ። የሕግ ክፍሉ ወደ ኃላፊ፣ ኃላፊው ወደ ስብሰባ። በመጨረሻ አንድ ብልህ ባልደረባዬ ደብዳቤውን «የማኅበራዊ ኑሮ ታሪክ» በሚል አስቀይረህ ተመለስ አለኝ። ተመለስኩ። መዝገቡ በዚያው ቀን ወጣልኝ። ያው የመሬት መዝገብ ነበር።

ለተማሪዋ ይህን ስነግራት አልሳቀችም። የእሷ ደብዳቤ ላይ «መልሶ ማልማት» የሚል ቃል ነበረና ገና በዚያ ሳምንት ሰርዛ አስጽፋው ነበር።

ሌላው ፈተና የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ተርታው አንባቢ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መደመር ነው ብሎ ይገላገላል። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ «በስልሳ ሰባት» ካሉና ወሩን ካላወቁት፣ ያ ዓመት በፈረንጁ ከመስከረም 1974 እስከ መስከረም 1975 ነው። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ንጉሡ ወርደዋል፣ ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት ተገድለዋል፣ የገጠር መሬት ታውጇል፣ በሐምሌም የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት ተወርሷል። ቤትዎ ከአዋጁ በፊት ነው የተሸጠው ወይስ በኋላ? መልሱ በወር ይለያያል። ስለዚህ ተማሪዋ ወር አትጠይቅም። «ጦም ነበር? ዝናብ ነበር? ልጅዎ ተወልዶ ነበር?» ትላለች። ሰው ወርን ይረሳል እንጂ በጦም መሐል የተደረገ ሠርግን አይረሳም።

ከዚያ ደግሞ ቋንቋው አለ። ቴሲሱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ሽማግሌው በአማርኛ ያጫውታሉ፣ አንዳንዱ አዛውንት በኦሮምኛ፣ አንዳንዱ በጉራጊኛ። ተማሪዋ ሰምታ ወደ እንግሊዝኛ ታዞራለች፤ ፈታኙም እንግሊዝኛውን ያርማል። «ቅርጫ» የሚለውን ቃል ለማስረዳት የግርጌ ማስታወሻ አምስት መስመር ፈጅቶባታል፤ ጎረቤት ተሰባስቦ አንድ በሬ ገዝቶ፣ አርዶ፣ መደብ በመደብ ተከፋፍሎ ዋጋውን እኩል የሚከፍልበት ሥርዓት። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ አሠራር ከተገቢው በላይ ዕድሜ አግኝቷል። የሰንጋ ተራን ታሪክ የሰንጋ ተራ ሰው ሊያነበው የማይችል ከሆነ፣ ለማን ነው የተጻፈው? የውጭው ዓለም እንዲያነበን ያስፈልጋል የሚለው ክርክር እውነትነት አለው። ቢያንስ ግን አንድ ቅጂ በአማርኛ ይጻፍ።

ስለ ገንዘቡና ስለ ሥራው ብዙ አልልም። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የመጣው የሰባ ሠላሳ ድልድል ዩኒቨርሲቲዎችን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲያዞር ታሪክን ጥግ አስይዞት ነበር። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ የሚማረው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ኮርስ ሲመጣ መምህር ያስፈልግ ጀመር፤ የማስተርስ ተመራቂም በየአዳዲሱ ዩኒቨርሲቲ ቦታ አገኘ። አሁን ደግሞ ለመግባት አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። በጀት? ተማሪዋ ሳቀች። የመቅጃ ስልኳ ባትሪ ቶሎ ስለሚያልቅ ቃል ሰጪዎቿን የምታነጋግረው ቻርጀር መሰኪያ ባለበት ቦታ ነው።

ከሁሉ የተሻለውን ሰነድ ያገኘችው ግን በቢሮ አይደለም፤ በእድር ነው።

የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ከፌስታል አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ጥቁር ሽፋን፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ። የአባል ስም፣ ወርኃዊ መዋጮ፣ ቅጣት፣ የሞተ ሰው ዝምድና፣ ድንኳን የወጣበት ቀን። ማን ወደ ሰፈሩ እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ የትኛው ዓመት ሞት እንደበዛ፣ ባል ሲሞት መዋጮው በሚስት ስም መቼ እንደዞረ ሁሉ አለበት። የቤተ ክህነትም የማዘጋጃ ቤትም መዝገብ ይህን ያህል ዝርዝር የለውም። የኋላው ገጽ ላይ ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ነገር አለ፤ የፋሲካና የገና ቅርጫ ዝርዝር፣ የበሬው ዋጋ፣ የደረሰው መደብ ብዛት። ለሰንጋ ተራ ታሪክ የሰንጋ ዋጋ ማለት ነው! ቁጥሮቹን እዚህ አልጽፋቸውም፤ እሷም ገና አላመሳከረቻቸውም።

ጸሐፊው ፎቶ እንድታነሣ ፈቀዱላት፤ ግን ሦስት ገጽ ብቻ። ለምን ሦስት እንደሆነ አልገለጹም። ምናልባት ከአንድ ይበዛል፣ ከሁሉ ያንሳል። የሰው ስም ያለበት መዝገብ ነውና ጥንቃቄያቸውን አልጠላሁትም። የሟችን ስም ዝርዝር ለማታውቀው ተማሪ አሳልፎ መስጠት ቀላል ነገር አይደለም።

ደግሞም ይህ እድር ሰፈር የለሽ እድር ነው ማለት ይቻላል። ካለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ አሮጌዎቹ የቀበሌ ቤቶች በየተራ ሲፈርሱ፣ በቦታቸው የዘመን፣ የኅብረት፣ የንብ ባንክ ፎቆች ቆሙ። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የንግድ ባንክ ሕንፃም ከዚህ ቀና ብሎ ማየት ነው። የ40/60 የቁጠባ ቤቶች መጀመሪያ ለባለ ዕድሎች የተላለፉትም በዚሁ በሰንጋ ተራና በክራውን ሳይት ነበር። ነባሩ ሰው ግን አብዛኛው ዳር ወጥቷል፤ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ። እሑድ እሑድ አንዳንዶቹ ሁለት ታክሲ ለውጠው ወደዚህ እድር ይመጣሉ። ሞት እንደሆነ ሰፈር ይፈልጋል።

ለታሪክ ተማሪዋ ይህ ማለት ቃል ሰጪዎቿ በከተማው አራት ማዕዘን ተበትነዋል ማለት ነው። አንዱን ለማግኘት ግማሽ ቀን መንገድ ላይ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ መጨረሻ ላይ በልማዱ ሰንጠረዥ ይደረጋል፤ የቃል ሰጪው ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተካሄደበት ቦታና ቀን። ከእሷ ሰንጠረዥ ላይ «ቦታ» የሚለውን ዓምድ ስታዩት የሰንጋ ተራ ታሪክ መሆኑን ማወቅ ያስቸግራል።

ዘመን ከተለወጠ በኋላ ከእድሩ ጸሐፊ ጋር ወደ መጀመሪያው ሽማግሌ ተመለስን። የተማሪዋን ደብተር ቀድመው አይተዋልና አሁን አልጠረጠሯትም። ሰንጠረዡን አሳየቻቸው።

«ይሄ የኔ ስም ነው?»

«አዎ አባባ። ዕድሜዎን ሰባ ስምንት ብያለሁ።»

«ሰማንያ አድርጊው። ሰባ ስምንት ያልኩሽ አምና ነው፣ ያኔም ቀንሼ ነው።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሌላው አዛውንት፣ ወደ ክርክር ጓደኛቸው አዞሩ። «ገበያውን በዓይኑ ያየ ሰው ትፈልጊያለሽ አይደል? እኛ ተነጋግረን ነበር። አንድ አለ። አባቱ ደላላ ነበሩ፤ እሱ ራሱ ከብት ይጠብቅ ነበር። ከዚህ ሲነሣ ኮዬ ፈጬ ነው የደረሰው።»

የእድሩ ጸሐፊ የመዝገቡን ሽፋን ገልጠው ከውስጥ በእስክርቢቶ የተጻፈ ስልክ ቁጥር አነበቡላት። ተማሪዋ ቁጥሩን ስልኳ ላይ መታችው። ጠራ፤ አልተነሣም። ባትሪዋ አሥራ አንድ በመቶ ላይ ነበር። «ሰንጋ ተራ 14» ብላ መዘገበችውና ወደ ታክሲ ተራው አብረን ወረድን።